ለሀዋ ፍየሎች የቋጠርኩት

ልጆቹ ናቸው ይናገሩ ያሉኝ። ሳልጠየቅ ማውራት ነበር ልማዴ፤ ስጠየቅ ግን አፌ ተሳሰረ። እዚሁ ሰመራ፣ ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ከየአጥሩ ሥር ፌስታል የሚለቅሙ ሴቶች ልጆች አሉ። አንድ ቀን ጥላ ፍለጋ ደጄ ላይ ቁጭ አሉና አንዷ፣ «እማማ ሉባባ፣ የእርስዎ ቤት ቆሻሻ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። የቆሻሻ ጋሪው ሲመጣ ከየቤቱ ጆንያ ጆንያ ይወጣል፤ ከእኔ ቤት በሳምንት አንድ እፍኝ ነው። ጓሮ የምቀብር ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ተነስተው ሄደው አዩ። ጓሮዬ ውስጥ ያለው አንድ የኒም ዛፍ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ የዘምባባ ቅርጫት ነው።

«ያስተማረችኝ ይቺ ናት» አልኳቸው ቅርጫቷን እያሳየሁ። ተያዩና ሳቁ። እንግዲያው ይንገሩንና እንጻፈው አሉ። እኔው እጽፈዋለሁ አልኩ፤ ከአፍ እጅ ይሻላል፣ እጅ ሲሳሳት ይሠረዛል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከዱቄት ጆንያና ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ያለፈ ያገደመውን እየጠየቅሁ። ይህንንም የምጽፈው ባለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ነው፤ ፊቱ አገልግሎ ጨርሷል፣ ጀርባው ገና ልጃገረድ ነው። የጡረታ ደብዳቤ የለኝም። ከሥራ ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው፤ አንድ ጠዋት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቁጢጥ እንዳልኩ አልነሳም አለኝ፣ በቃ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለዘይት ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ የድሮው ባቡር ገና ሲሠራ። ከባቲ ወዲያ ካለች መንደር አክስቴን ተከትዬ ወረድኩና ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ባቡር የሚጠብቅ ሆቴል እንደሌላው ሆቴል አይደለም። ግማሽ ቀን ዝንብ እሽ ሲባል ይዋላል፤ ከዚያ ፉጨቱ ይሰማና ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይርበዋል። ባቡሩ ሲሄድ የሚቀረው የሰሐን ተራራና እኔ ነን።

የወጥ ቤቱ አዛዥ እቴ ዘሀራ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት። እሷም የወሎ ሰው ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ የማይጮህ። ስትቆጣ ይበልጥ ዝግ ብላ ነበር የምትናገር፣ እሷን ለመስማት ሁላችንም ዝም እንል ነበር። አንድ ልማድ ነበራት፣ ዛሬም ድረስ ሌላ ሰው ላይ ያላየሁት። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ እሳት ሳይነድ፣ የትናንቱን የቆሻሻ በርሜል ጓሮ በተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ ትገለብጠዋለች። ከዚያ በቀጭን የግራር ዱላ ትበታትነዋለች። እኛ ዙሪያዋን እንቆማለን፣ ልክ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው።

«ይኼን ሽንኩርት ማን ላጠው?» ትላለች።

እኔ ነኝ እላለሁ።

«ሦስት ልብስ ገፈሽዋል። የላይኛው ብቻ ይበቃው ነበር። አይበርደውም ብለሽ ነው?»

ይሳቅብኛል። በማግስቱ ግን አንድ ልብስ ብቻ ነበር የምገፍ። ሩዝ በዝቶ ካየች፣ «ትናንት ሩዙን አልወደዱትም፣ ዛሬ ግማሹን ቀቅሉ» ትላለች። ሥጋ ያለበት አጥንት ካየች አጥንቱን አንስታ ለቆራጩ ታሳየዋለች፤ ምንም አትለውም፣ ታሳየዋለች ብቻ። የሆቴሉ ባለቤት ይቀልዱባት ነበር፤ ሰው ጠዋት ሬዲዮ ያዳምጣል፣ የእኔ ወጥ ቤት በርሜል ታዳምጣለች ይሉ ነበር። እሷ ግን በርሜሉን በየቀኑ እያዳመጠች፣ እኔ ስገባ እስከ አፉ ይሞላ የነበረው በርሜል በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሆነ። ማንም ተርቦ አልወጣም።

ውሃውን ደግሞ ልንገራችሁ። ወንዙ ከገደሉ ሥር እየታየን የምንጠጣው በአህያ ይመጣል። ስለዚህ እቴ ዘሀራ ጋ ውሃ ሥራውን ሳይጨርስ አይደፋም። አትክልት የታጠበበት ዕቃ ያጥባል፤ ዕቃ ያጠበው ወለል ያጥባል፤ ወለል ያጠበው የደጁን አቧራ ያስተኛል። ሳሙና ያልነካው ማለቅለቂያ ለኒሟ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሰው የሚጠለልባት ትልቅ ኒም በኛ እጣቢ ያደገች ናት፤ ስትተክላት አይቻለሁ፣ ከጉልበቴ አትበልጥም ነበር። ጨርቅም እንዲሁ። አንሶላ መሐሉ ሲሳሳ ጠርዙ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ ከዚያ የዕቃ መጥረጊያ፤ ከዚያ የወለል። መጨረሻ ላይ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ክር ሲሆን የምድጃ ማቀጣጠያ ነው። «ጨርቅ ሳይሞት አይቀበርም» ትል ነበር። የከረመ እንጀራ ጣራ ላይ ይሰጣል፤ አዋሽ ፀሐይ ላይ ጠዋት ያሰጣሽው ለዙሁር ድርቆሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የምትጠብቀው ሕግ ግን የእንስሳ ድርሻ ነበር። ልጣጭና ፍርፋሪ ለፍየል ሲሰጥ በክፍት ዕቃ፣ በእጅ፣ እስኪበሉ ቆሞ ነው። ውርወራ የለም። አንዴ የሃብሃብ ልጣጭ ከነወረቀቱ ስወረውር አየችኝና ክንዴን ያዘች። «ሉባባ፣ እንስሳ መርጦ አይበላም። መምረጥ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ። ሰማሁ። ሰምቶ ማወቅና ደርሶበት ማወቅ ግን ለየቅል ነው።

ባቡሩ እየሳሳ ሲመጣ ሆቴሉም ሳሳ። እቴ ዘሀራ ወደ ባቲ ልትመለስ ስትነሳ የግራር ዱላዋን ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ከአንድ ሹፌር ዘመድ ጋር ገዋኔ ወረድኩ፣ ሐጂ ይማም ከሚባሉ የአገሬ ሰው ምግብ ቤት።

ገዋኔ ወጥ ቤቱን እኔ ነበርኩ የማዝ። እግረ መንገዴን ልናዘዝ፤ ጠዋት በርሜል መገልበጡን እዚያ ተውኩት። አዛዥ ሆኜ ቆሻሻ ልበትን? አልኩ። ዱላዋን በር መሸጎሪያ አደረግኋት። ሌላውን ግን አልረሳሁም። የጂቡቲ መንገድ ሹፌሮች የሚጥሉት ብዙ ነው። የተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ የበር ማጠፊያ፣ የጀሪካን ማንጠልጠያ እሠራለሁ፤ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አፉን ቀጥቅጬ ለጨው፣ ለበርበሬ፤ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አጥቤ ለዘይት ሻጮች። ሐጂ፣ «ይቺ ልጅ እኔንም ሳረጅ የሆነ ነገር ታደርገኛለች» ይሉ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሀዋ ትኖር ነበር። አፋር ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ። ልጇ በወሊድ ሞታባት የልጅ ልጇን ዓይሻን ታሳድጋለች፤ የጥቂት ወር ሕፃን። ዓይሻን ያቆያት የአንዲት ፍየል ወተት ነበር፣ ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ጥቁር። ሌሎቹ ፍየሎች በዚያ ድርቅ ነጥፈዋል፤ የምትታለበው እሷ ብቻ ናት። ሕፃኗ የፍየሏን ድምፅ ስትሰማ እጇን ታወራጭ ነበር።

ሀዋ ሁልጊዜ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ልጣጭ ልትወስድ ትመጣለች። እሷ በትንሽ አማርኛ፣ እኔ በትንሽ አፋርኛ፣ የቀረውን በእጅ። ስለ ወጤ አትምረኝም ነበር። አንዴ ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ሉባባ፣ ወሎ ውስጥ ሰውን የምትቀጡት በዚህ ነው?» አለችኝ። እኔም፣ ወተት ብቻ የጠጣ ሰው ምላስ የሕፃን ምላስ ነው እላታለሁ። እንዲህ ነበርን።

ያኔ ፌስታል አዲስ ሙሽራ ነበር። ሰው አጥቦ ያሰጣው ነበር። ሐጂ ከአዲስ አበባ አንድ እሽግ አስመጡና እኔም ሠለጠንኩ። የሃብሃቡን፣ የፓፓያውን ልጣጭ፣ ጨው የነካ ፍርፋሪ፣ ሁሉን በፌስታል ከትቼ፣ እናቴ እህል በምትቋጥርበት ቋጠሮ አስሬ የእሾህ አጥሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሀዋ ስትመጣ ታወርደዋለች፣ እኔ ከምድጃዬ አልነሳም። ቋጠሮው ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ላልለመደው አይፈታም፣ ዝንብም አያስገባም። ንጹሕ ነገር የሠራሁ፣ እሷንም ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። እቴ ዘሀራ ብታየኝ ትኮራብኛለች ብዬ ጭምር አስቤያለሁ።

አንድ ቀን ሀዋ ዓይሻን አስከትባ ዘገየች። ነፋስ ነበር፣ ያ ሰውን ከሰል የሚያስመስል ትኩስ የገዋኔ ነፋስ። መኪኖች ተሰልፈው ስለነበር ቀና አላልኩም። ስወጣ አጥሩ ላይ ከሰቀልኳቸው ሁለት አንዱ የለም። ሀዋ ወስዳው ይሆናል አልኩ። ግማሹን ትታ አትሄድም፣ ይህን አውቃለሁ፤ ግን ወስዳው ይሆናል አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጥቁር ጆሮዋ ፍየል መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ። የሀዋ ባል ወንድሞች ሳትሞት ደርሰው ቢስሚላህ ብለው አረዷት። ሥጋው ከሲታ ነበር። ማዶ ሆኜ ከወጥ ቤቱ በር ሁሉን አየሁ፤ ሀዋ ሆድ ዕቃውን ልታጥብ ብቻዋን ከቤቱ ኋላ ስትወስድም አየሁ። እግሬ ግን መንገዱን አልሻገር አለኝ። ሲመሽ ጎረቤት የሆነች ሻይ ሻጭ መጥታ፣ ከፍየሏ ሆድ ላስቲክ ወጣ አሉ፣ መኪኖቹ የሚጥሉት ነው ትላለች ሀዋ፣ ብላ ነገረችኝ። የጠፋችውን አንዷን ፌስታል አሰብኩ።

ሀዋ ሦስት ቀን አልመጣችም። ሦስቱንም ቀን የዓይሻን ልቅሶ ከመንገድ ማዶ እሰማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወተት አፍልቼ፣ ቀጭን አጥሚት አዘጋጅቼ በሻይ ሻጯ እጅ ላክሁ። በሁለተኛውም ላክሁ። ዕቃው ታጥቦ ተመለሰ፣ ቃል ግን የለም። ከእኔ ድርሻ ነበር ወተቱ፤ ለሐጂ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ጨመሩበት። አኩርፋለች አልኩ። አውቃለች አልኩ። ደግሞ አላወቀችም አልኩ። የእቴ ዘሀራን ዱላ ከበሩ ላይ አወረድኩና ጠዋት ላይ በርሜሉን ቆርቆሮ ላይ ገለበጥኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ። ግማሹ ፌስታል ነበር፤ የራሴ ቋጠሮዎች ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

በአራተኛው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ መጣች። እጇ ላይ አዲስ የዘምባባ ቅርጫት ይዛለች፣ ጎድጓዳ፣ አፏ ሰፊ። ዘምባባው ገና እርጥብ ሽታ ነበረው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስጪኝ» አለች። «ፌስታል ያልበዋል፣ ልጣጩ ይሸታል።»

አፌን ከፈትኩ። «ሀዋ፣ ያ ፌስታል» አልኩ።

«የመንገድ ነው» አለችኝ። «መኪና ይጥላል። ተይው። ዓይሻ አጥሚቱን ወደደችው፤ በርበሬ አልጨመርሽበትም መሰለኝ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የዘረጋችልኝን ማምለጫ ይዤ ወጣሁበት፤ ይህን ነው የማፍርበት። ዓይሻን ሌላ ፍየል እስክትወልድላቸው ድረስ ከወጥ ቤታችን አሳደግናት። ቅርጫቷ ወጥ ቤቱ ምስማር ላይ ትሰቀል ነበር፣ እኔም በየቀኑ ልጣጩን በእጄ እየመረጥኩ ሞልቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ ፍየሎቹ እስኪበሉ እቆም ነበር። ፌስታል ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ወጥ ቤት አልገባም። ወደ ሰመራ ስሄድ ሀዋ ቅርጫቷን ከምስማሩ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የለመዳት እጅ ይዟት ይሂድ አለች።

ሰመራ ገና ስትሰፋ ነበር የደረስኩ፣ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ። ሥራ አስኪያጁ ሰይድ ወጣት ነበር፣ ጥሩ ልጅ፣ ግን አዲስ ዕቃ የሚወድ። ለእያንዳንዱ እንግዳ ትንሽ ትንሽ የላስቲክ ውሃ ይደረደር ነበር፤ ግማሹ ተጠጥቶ ግማሹ ሞቆ ይጣላል። እኔ ሁለት የሸክላ ጋን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ ከሚመጣበት መተላለፊያ አቆምኩ። ጆንያውን ጠዋትና ቀትር ማርጠብ ነው ሥራው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«እማማ፣ እንግዳ ምን ይለኛል?» አለኝ።

«ጠጥቶ ይንገርህ» አልኩት።

በሳምንቱ እንግዳው ከማቀዝቀዣው ጋኑን መረጠ። በኋላ ሰይድ ራሱ ጆንያውን ሲያረጥብ አገኘው ነበር፤ አላየሁም መስዬ አልፋለሁ። ከየክፍሉ የምትቀር የሳሙና ቁራጭ በሙቅ ውሃ አሟሙቼ ለወለል አደረግኋት። እዚያም ጠዋት ጠዋት በርሜሉን እገለብጥ ነበር፤ አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ በኋላ እነሱው «ይኼን ማን ላጠው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። እቴ ዘሀራ በሌላ ሰው አፍ ስትናገር መስማት ደስ ይላል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የቤቴ ቆሻሻ የሚያንሰው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ስገዛ ከቤት ዘንቢል ይዤ እወጣለሁ፤ የማልጨርሰውን አልቀቅልም፤ ልጣጬ በቅርጫቷ ለጎረቤት ፍየሎች ይሄዳል፣ በእጄ፣ ቆሜ። ከዚያ የሚተርፈው እፍኝ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ አቆምኩ። የገዋኔውን ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን ጻፍኩት። ከዚያ ሀዋ ሳትሰማው የሰመራ ልጆች ሊሰሙት ነው ብዬ አፈርኩ። ጉልበቴን በቅባት አሽቼ፣ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሽርጥ በጨርቅ ቋጥሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቤቷ አሁን ቆርቆሮ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ዓይሻ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ። ረጅም፣ ጥርሰ መልካም። ሀዋ ጥላው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ዓይሻ ስሜን እንዳትነግራት በእጄ ምልክት ሰጠሁና የያዝኩትን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። ሀዋ ጨርቁን ዳበሰችው። ስኳሩን አለፈችው፣ ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለቴ ዞረው ጫፉን ፈለጉ።

«ሉባባ» አለች።

ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። የጠፋችውን ፌስታል፣ ወስዳው ይሆናል ያልኩትን ውሸት፣ መንገዱን አለመሻገሬን።

«ሆድ ዕቃዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ከዚያ። «ቋጠሮሽ አልተፈታም ነበር፣ እንዳሰርሽው ወጣ። ገዋኔ ውስጥ እንዲህ የሚያስር ማን ነበር?»

ታዲያ ለምን የመንገድ ነው አልሽ አልኳት።

«የባሌ ወንድሞች ቢያዩት ለሽማግሌ ያቀርቡታል። ሽማግሌ ፊት እኔ ከጎሳዬ ጋር እቀመጣለሁ። አንቺ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ? ብቻሽን ነበርሽ። ቆርጬ አመድ ውስጥ ቀበርኩት።» እጄን ፈልጋ ያዘች። «አብሽሪ። ወጥሽ ክፉ ነው፣ እጅሽ ግን ክፉ አልነበረም።»

ዓይሻ ወተት ያለበት ሻይ አቀረበች። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ጠጣሁ። ስነሳ ሀዋ፣ ቅርጫቷ አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ግድግዳዬ ላይ ናት፣ ዛሬ ጠዋትም ልጣጭ ተሸክማለች አልኳት።

«ደህና ሰፍቻታለሁ ማለት ነው» አለች። «ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች። ሕፃን እያለቀሰ ዘምባባ መስፋት ከባድ ነው።»

እነዚያን ሦስት ቀናት ዕድሜዬን ሙሉ ኩርፊያ ነበር የምላቸው።